ሰነድ የሌለው ፎቶ፦ ከልጅ ኢያሱ ጥምጣም እስከ አቦምሳ የቤት አልበም

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ፎቶ ነው። ከአንዱ ፎቶ ተነስተን ግን እያንዳንዳችን ቤት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ስለተቀመጠው ፎቶ እንጨርሳለን። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ በትዕግሥት አንብቡት።

ልጅ ኢያሱ በሙስሊም አለባበስ የሚታዩበት ፎቶ በየስልካችን ሲዞር ዓመታት ሆኖታል። ከሐረሩ ባለሥልጣን ከዐብዱላሂ ሳዲቅ ጋር ሆነው የተነሱት ነው ተብሎ የሚለጠፈውም አለ። አንዱ ገጽ ላይ ከፎቶው በታች «ሙስሊሙ ንጉሣችን» ተብሎ ይጻፋል። ሌላው ገጽ ላይ ደግሞ ያው ፎቶ «አገር ሊሸጥ የነበረው» ተብሎ ይቀርባል። ፎቶው አንድ፣ ፍርዱ ሁለት። ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ግን አልጠየቁም፦ ይህ ፎቶ ከየት መጣ? ማን አነሳው? መቼ? ዋናው የት አለ?

መጀመሪያ ታሪኩን እናስታውስ።

የ1909 ዓ.ም. መስቀል

ልጅ ኢያሱ የዐፄ ምኒልክ የልጅ ልጅ ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ ሸዋረጋ ምኒልክ፣ አባታቸው የወሎው ራስ ሚካኤል ናቸው። ራስ ሚካኤል ቀድሞ ስማቸው መሐመድ ዓሊ ነበር፤ ክርስትና የተነሱት ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ፣ በዐፄ ዮሐንስ ዘመን ነው። ስለዚህ ልጅ ኢያሱ በአያት በቅድመ አያት ከሙስሊሙ ወሎ ጋር የሥጋ ዝምድና ነበራቸው።

ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ አገር ገዙ። ወደ አፋር፣ ወደ ሐረር፣ ወደ ሶማሌ ምድር ደጋግመው ይወርዱ ነበር። ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ተወዳጁ፣ በጋብቻም ተሳሰሩ። የሄዱበትን አገር ልብስ ይለብሱም ነበር። ጊዜው ደግሞ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን አዘንብለዋል ብለው ሰጉ፤ ጭንቀታቸውንም በጋራ አሳወቁ። የሸዋ መኳንንትም የራሳቸው ቅሬታ ነበራቸው።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ልጅ ኢያሱ በምሥራቅ ሳሉ፣ አዲስ አበባ ላይ ተሻሩ። ዋናው ክስ «ሃይማኖቱን ለውጧል» የሚል ነበር። ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ደጃዝማች ተፈሪ መኮንን ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸነፉ፤ በዚያ ሜዳ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ልጅ ኢያሱ ለጥቂት ዓመታት ከተሰደዱ በኋላ ተይዘው ታሰሩ፤ ከእስር ሳይወጡም በ1928 ዓ.ም. ሞቱ።

ለዚያ ክስ ማስረጃ ተብለው ከቀረቡት ነገሮች መካከል ፎቶዎች እንደነበሩ ይነገራል። ፎቶዎቹ ተቆርጠው የተቀጠሉ፣ ሆን ተብለው የተቀነባበሩ ናቸው የሚል አስተያየት በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሲነሳ ኖሯል። በሌላ በኩል ደግሞ ልጅ ኢያሱ የየአገሩን ልብስ ይለብሱ ስለነበር ሐሰት መሥራት ሳያስፈልግ እውነተኛ ፎቶ ሊኖር ይችላል የሚሉም አሉ። ክርክሩ ይህን ያህል ዘመን የቆየበት ምክንያት ቀላል ነው፦ የሚዞረው የቅጂ ቅጂ ነው።

ያለ ኮምፒውተር ፎቶ እንዴት ይቀነባበራል?

ዛሬ ያለ ወጣት ፎቶ ማቀናበር በፎቶሾፕ የተጀመረ ሊመስለው ይችላል። አይደለም። በዚያን ጊዜ መቀስ፣ ሙጫ፣ ቀጭን ብሩሽና ቀለም ይበቁ ነበር። የአንዱን ሰው ፊት ከአንድ ፎቶ ቆርጦ ሌላ ሰው አካል ላይ መለጠፍ፣ የተቆረጠበትን ጠርዝ በቀለም ማድበስበስ፣ ከዚያ የተለጠፈውን ነገር እንደገና ፎቶ ማንሳት ነው። ሁለተኛው ፎቶ ሲታጠብ ሙጫው የለም፣ ጠርዙ የለም፤ አንድ ወጥ ፎቶ ሆኖ ይወጣል። ቅጂው በተቀዳ ቁጥር ደግሞ ዝርዝሩ እየደበዘዘ፣ የተንኮሉ ምልክት እየጠፋ ይሄዳል። ለዚህ ነው ቅጂ ላይ ፍርድ መስጠት የሚከብደው። ሊመሰክር የሚችለው ዋናው የመስታወት ነጋቲቭ ወይም የመጀመሪያው ህትመት ነው።

ይህን ያደረጉ ትልልቅ መንግሥታትም አሉ። በሶቪየት ኅብረት የስታሊን የጸጥታ ሹም የነበረው ኒኮላይ የዦቭ ከስታሊን ጎን ሆኖ በውኃ ቦይ ዳር የተነሳው ፎቶ ነበረ። ሰውየው ከሥልጣን ወርዶ እ.ኤ.አ. በ1940 ከተገደለ በኋላ ያው ፎቶ ሲታተም የዦቭ የለበትም፤ እሱ የቆመበት ቦታ ውኃ ብቻ ሆኗል። ያን ማረጋገጥ የተቻለው የመጀመሪያው ፎቶ ስለተረፈ ነው። ዋናው ቢጠፋ ኖሮ ውሸቱ ታሪክ ሆኖ ይቀር ነበር።

መትንና ሰነድ

እዚህ ላይ እኛ ዘንድ የቆየ ዕውቀት አለ። የሐዲስ ዑለማዎች አንድ ዘገባ ሲመጣላቸው ሁለት ነገር ያያሉ፦ መትኑንና ሰነዱን። መትን ማለት የተባለው ነገር ነው። ሰነድ ማለት ደግሞ ያ ነገር ከማን ወደ ማን ተላልፎ እኛ ዘንድ እንደደረሰ የሚያሳየው የሰዎች ሰንሰለት ነው። መትኑ ያማረ ስለሆነ ብቻ ዘገባ አይቀበሉም። ሰንሰለቱ የተቆረጠ ከሆነ «ሙንቀጢዕ» ይሉታል። አስተላላፊው ማን እንደሆነ ካልታወቀ «መጅሁል» ይሉታል። የተፈበረከ ከሆነ «መውዱዕ» ነው።

አማርኛችን ራሱ ለማስረጃ ወረቀት «ሰነድ» ማለቱን አስተውላችኋል? ቃሉ ያው የዐረብኛው ቃል ነው። ማስረጃ ማለት ከነመንገዱ የመጣ ነገር ነው።

ፎቶን ከሐዲስ ጋር በክብር ማነጻጸራችን አይደለም፤ የምንዋሰው ዘዴውን ነው። በፎቶ ላይ የሚታየው ምስል መትኑ ነው። ማን አነሳው፣ የት ታተመ፣ በማን እጅ ቆየ፣ ማን ስም ሰጠው የሚለው ሰነዱ ነው። የኢያሱ ፎቶ በስልካችን ሲመጣ መትን ብቻ ነው፤ ሰነዱ መጅሁል ነው።

ሌላም ነገር አለ። ፎቶው እውነተኛ ሆኖ ጽሑፉ ሐሰት ሊሆን ይችላል። ልጅ ኢያሱ በእውነት ያንን ልብስ ለብሰው ፎቶ ተነስተው ነበር እንበል። ፎቶው የሚመሰክረው በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ያንን ልብስ መልበሳቸውን ነው። ለእንግዳ ተቀባዮቻቸው አክብሮት ይሁን፣ ፖለቲካ ይሁን፣ እምነት ይሁን ካሜራ አያውቅም። ልብን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ለራሳችንም እውነቱን እንናገር። በ1909 ዓ.ም. ያንን ፎቶ «አዩት፣ ሰልሟል!» ብለው ለክስ የተጠቀሙበት ሰዎች ነበሩ ከተባለ፣ ዛሬ ያንኑ ፎቶ «አዩት፣ የኛ ነበር!» ብለን ለኩራት ስናሰራጨው የእነሱን ማስረጃ አጸደቅንላቸው ማለት ነው። ክሱን «ያልተረጋገጠ ነው» እያልን፣ ማስረጃውን ግን «የተረጋገጠ ነው» ማለት አይቻልም። ወሬ ሲመጣ አጣሩ የሚለው የሱረቱል ሑጁራት ትእዛዝ የምንወደው ወሬ ሲመጣም ይሠራል። እንዲያውም የበለጠ የሚከብደው ያኔ ነው።

ጊዜ የሚሰጠን ቀላል መለኪያ

ፎቶን ለማጣራት የመጀመሪያው ጥያቄ ቀን ነው። የብርሃን ነገር በእኛ ታሪክም ጥልቅ ሥር አለው። በበስራ ተወልዶ ካይሮ የኖረው ኢብኑል ሀይሠም ከሺህ ዓመት በፊት «ኪታቡል መናዚር» የተባለውን ታላቅ መጽሐፉን ሲጽፍ፣ በጨለማ ክፍል ግድግዳ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ የሚገባ ብርሃን እንዴት እንደሚሠራ መርምሯል። «አል-በይቱል ሙዝሊም»፣ ጨለማው ቤት፣ ይሉታል። «ካሜራ» የሚለው የላቲን ቃልም ትርጉሙ ክፍል ነው። ነገር ግን ኢብኑል ሀይሠም ምስሉን መርምሮ አየው እንጂ ይዞ አላስቀረውም። ምስሉን ይዞ የማስቀረት ጥበብ ለዓለም ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1839 ፓሪስ ላይ ነው።

ይህችን ዓመት በቃላችሁ ያዟት፤ ብዙ ውሸት ታስቆምላችኋለች። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1543 ነው፤ ፎቶ ሊፈጠር ወደ 300 ዓመት ሲቀረው። ስለዚህ «የኢማም አሕመድ ትክክለኛ ፎቶ» ተብሎ የሚለጠፍ ሁሉ ወይ የሠዓሊ ግምት ነው፣ ወይ የሌላ ሰው ፎቶ ነው፣ ወይ በኮምፒውተር የተሠራ ነው። ስለ ነጃሺማ መናገርም አያስፈልግም። ይህን ለማወቅ ታሪክ ምሁር መሆን አይጠበቅብንም፤ ሁለት ቁጥር መቀነስ ይበቃል።

የሐረር ውኃ

ጊዜ ጽሑፉን ብቻ አይደለም፣ ወረቀቱንም ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1883 ሐረር በግብፆች እጅ በነበረችበት ጊዜ፣ ለንግድ የመጣው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ካሜራ ከአገሩ አስመጣ። በወጣትነቱ ታዋቂ ባለቅኔ የነበረ ሰው ነው፤ ሐረር ግን ቡናና ቆዳ ነጋዴ ነበር። ራሱን፣ ገበያውን፣ የከተማውን ሰዎች አነሳ። ከዚያ ለቤተሰቡ ሲጽፍ ፎቶዎቹ ነጥተው መቅረታቸውን ገልጾ፣ ምክንያቱ ያጠበባቸው ውኃ መጥፎ መሆኑ እንደሆነ ነገራቸው።

እኛ አገር «ፎቶ ማሳጠብ» የምንለው በከንቱ አይደለም። ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሚሠራው ብርሃን በሚያጠቁረው የብር ውሕድ ነው። ምስሉ ከወጣ በኋላ ያልተነካው ብር በኬሚካል ይወገዳል፤ ያ ኬሚካል ደግሞ በብዙ ንጹሕ ውኃ ታጥቦ መውጣት አለበት። በደንብ ካልታጠበ ወረቀቱ ውስጥ ቀርቶ ብሩን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ፎቶው ይቢጫል፣ ይነጣል። ያኔ የቸኮለ ፎቶ አንሺ ዛሬ የአንድን ሰው ፊት አሳጣን ማለት ነው።

በየቤታችን ሌላ የሚያስገርም ነገር ታያላችሁ። የአያት ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ ጥርት ብሎ ተቀምጦ፣ የአባትና የእናት ባለ ከለር የሠርግ ፎቶ ወደ ቀይ ተለውጧል። ዘመናዊው ለምን ቀድሞ ተበላሸ? የከለር ፎቶ በብር ሳይሆን በሦስት ማቅለሚያዎች የተሠራ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የታተሙት ብዙዎቹ ላይ ሰማያዊውን ወገን የሚሰጠው ማቅለሚያ ጨለማ ሣጥን ውስጥ ሆኖም ቀድሞ ይጠፋል፤ የሚተርፈው ቀይ ነው። ሙቀትና እርጥበት ያፋጥኑታል። የስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ከጣሪያ ሥር የተሰቀለ ፎቶ ምን እንደሚደርስበት ገምቱት።

«1966» የትኛው 1966?

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች እኩልነትን ጠይቀው ታላቅ ሰልፍ ወጡ፤ ክርስቲያን ወገኖቻቸውም አብረዋቸው ተሰለፉ። ኋላ ላይ የሙስሊም በዓላት ብሔራዊ በዓል ሆነው እንዲከበሩ መንገድ የጠረገ ቀን ነው። የዚያ ቀን ፎቶዎች አሉ። ነገር ግን 1966 የሰልፍ ዓመት ነበር፦ መምህራን አድማ መቱ፣ ታክሲዎች ቆሙ፣ ሠራተኞች ጠቅላላ አድማ አደረጉ፣ ተማሪዎች ወጡ። ጀርባው ላይ ምንም ያልተጻፈበት የሕዝብ ብዛት የሚያሳይ ፎቶ የየትኛው ቀን ነው? መፈክሩ ካልተነበበ መለየት ይከብዳል።

ቀን ቢጻፍበትም ሌላ ፈተና አለ። እኛ በሦስት ዘመን አቆጣጠር የምንኖር ሕዝብ ነን። ያው ሰልፍ በኢትዮጵያ 1966፣ በፈረንጅ 1974፣ በሂጅራ 1394 ነው። ፎቶ ጀርባ ላይ «66» ብቻ ተጽፎ ካገኛችሁ፣ ጻፊው ማን እንደነበረ ሳታውቁ በስምንት ዓመት ልትሳሳቱ ትችላላችሁ። ስለዚህ ስትጽፉ «ዓ.ም.»፣ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ሂጅራ» ብላችሁ ለዩት። ለልጅ ልጆቻችሁ ትልቅ ውለታ ነው።

አቦምሳ ላይ ምን እናድርግ?

የቤተ መንግሥት ሰዎች ፎቶ ሰብሳቢ አላጡም። እነ ቦያጂያንን የመሳሰሉ አርመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለ፤ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው የወጣቶች ሥራም የዋና ከተማዋን ነዋሪዎች የቤት ፎቶ ከነታሪኩ ሰብስቦ በመጽሐፍ አሳትሟል። የአርሲ፣ የመርቲ ወረዳ፣ የአቦምሳ፣ ከዚያም ወደ አዳማ የሚወስደው መንገድ ላይ ያሉት ከተሞች ሰው ፎቶ ግን ያለው በየቤቱ ነው። የመድረሳ ተማሪዎች፣ የመጀመሪያዋ ሱቅ፣ ሐጅ ሊሄድ ለፓስፖርት የተነሳ ሽማግሌ፣ የዒድ ቀን ልብስ የለበሱ ሕፃናት። ይህ ሁሉ ሰነዱ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያም ሰው አኮ ናቸው። «ይቺ ማን ናት?» ስትሏቸው ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የማን ሚስት እንደነበረች ይነግሯችኋል። እሳቸው ወደ አኼራ በሄዱ ማግስት ያ ፎቶ «መጅሁል» ይሆናል። ምስሉ ሳይበላሽ ፎቶው ይሞታል።

በቅርቡ ደግሞ አዲስ ፈተና መጥቷል። የደበዘዘ ፎቶ በስልክ መተግበሪያ ማጽዳትና ከለር መቀባት የተለመደ ሆኗል። ውጤቱ ያምራል። ግን ልብ በሉ፦ ማሽኑ የአያታችሁን ፊት አያውቅም። ያየው ሌላ ሚሊዮን ፊት ነው። የጠፋውን ዓይን ሲሞላ ከእነዚያ ገምቶ ነው። ሻሹን አረንጓዴ ቢያደርገው አረንጓዴ እንደነበረ ማንም አልነገረውም። የ1909ኙ መቀስና ሙጫ አሁን በአንድ ጣት ንክኪ ይሠራል፤ ልዩነቱ በዚህኛው ተንኮል የለም፣ ፍቅር ነው ያለው። በፍቅር የተሠራ ቢሆንም ግን ያ ፊት የአያታችሁ አይደለም። ዋናውን ጥላችሁ ያማረውን ብቻ ካስቀመጣችሁ፣ የልጅ ልጆቻችሁ የሚያውቁት በሕይወት ያልኖረን ሰው ይሆናል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የሚሠራ ቀላል ሥራ እነሆ፦

1. ከትልልቆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ አንድ አልበም ክፈቱ። ስም፣ ቦታ፣ ዘመን ጠይቁ፤ የሚሉትንም በስልክ ቅዱ። «ነገሩኝ» ያላችሁትን ሰው ስም አብራችሁ ጻፉ። ሰነዱ ያ ነው።

2. ፎቶ ጀርባ ላይ በእርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ። እስክሪብቶ ወደ ፊቱ ያልፋል።

3. የፎቶውን ጀርባም ፎቶ አንሱት። የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ አሮጌ የእጅ ጽሑፍ፣ የተቀደደ ጠርዝ ሁሉ ምስክር ነው።

4. ሙጫ ባለው አልበም ላይ የተጣበቀን ፎቶ በኃይል አትላጡ፤ ባለበት አንሱት። ላሚኔት አታስደርጉ፤ አንዴ ከተደረገ አይመለስም።

5. ማስዋብ ካማራችሁ መጀመሪያ ያልተነካውን ቅጂ አስቀምጡ። የተዋበውን ስትለጥፉ «ቀለሙ የተጨመረ ነው» ብላችሁ ጻፉ። አንድ መስመር ናት፤ አማና ናት።

6. ምንጩን የማታውቁትን ታሪካዊ ፎቶ ከማሰራጨታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ማን አነሳው? መቼ? ዋናው የት ነው? መልስ ከሌለ «ምንጩ አልታወቀም» ማለት ነውር አይደለም።

ሰገሌ ላይ ብዙ ሺህ ሰው የወደቀበት ጠብ አንዱ ማገዶ «አይተናል» የሚል ቃል ነበር። ሰው በዓይኑ ያየውን ፎቶ አይጠራጠርም፤ ኃይሉም አደጋውም እዚያ ላይ ነው። የሩቁን የኢያሱን ፎቶ ዋናውን ፍለጋ በእጃችን ላይሆን ይችላል። የአቦምሳው ፎቶ ግን ዋናው ገና እኛው ቤት ነው፤ የሚያውቁት ሰዎችም አላህ ዕድሜ ይስጣቸውና አሁንም አብረውን ቁጭ ብለው ቡና ይጠጣሉ። ዛሬ ከሰዓት አጠገባቸው ተቀመጡ።

ወላሁ አዕለም።